«ከ600 አምስት መቶ» ብሎ መለጠፍ ለምን አይበቃም? በልማድ የማጥናት ሥርዓት ሲብራራ

መስከረም ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ብትገቡ፣ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ሳታዩ አትቀሩም። በማርከር፣ በትልልቁ፣ «ከ600 520» ይላል። ከሥሩ «ሕክምና» ወይም «ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ» ተጽፏል። ተስፋ ማድረግ ደስ ይላል፣ ሊነቀፍም አይገባም። ግን ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር አለ። ዛሬ ማታ ምን እንደሚሠራ አይናገርም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በጣም ጥቂት ናቸው። በ2014 ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ በተማሪው ስንፍና ማሳበብ ግፍ ነው። የመምህር እጥረት አለ፣ መጽሐፍ ያልደረሰው ትምህርት ቤት አለ፣ በጦርነት ከትምህርት የተስተጓጎለ ልጅ አለ። እነዚህን ተማሪው ብቻውን አይፈታቸውም። ማታ ማታ የሚያጠናበትን መንገድ ግን ሊለውጥ ይችላል። ይህ ማብራሪያ የሚያተኩረው እሱ ላይ ነው።

የውጤት ግብ ምንድን ነው? የጥናት ልማድስ?

የውጤት ግብ ማለት መጨረሻ ላይ ልናገኘው የምንፈልገው ነገር ነው። «520 አመጣለሁ»፣ «ሒሳብን ከ80 በላይ አመጣለሁ»፣ «ከክፍል አንደኛ እወጣለሁ»፤ እነዚህ ሁሉ የውጤት ግቦች ናቸው።

ልማድ ደግሞ ጊዜውና ቦታው ሲደርስ ብዙ ሳናስብ የምንሠራው ነገር ነው። ጠዋት ተነስቶ ፊት መታጠብ ልማድ ነው። ማንም «ዛሬ ሙድ የለኝም» ብሎ ፊቱን ሳይታጠብ አይውልም።

የጥናት ሥርዓት የምንለው እንዲህ ያሉ ልማዶች ተያይዘው ሲሠሩ ነው። መቼ እንደምንቀመጥ፣ የት እንደምንቀመጥ፣ በምን እንደምንጀምር፣ የተሳሳትነውን የት እንደምንመዘግብ፣ መቼ ተመልሰን እንደምንከልሰው አስቀድሞ የተወሰነ ነው ማለት ነው።

ልዩነቱን ለማየት ጤፍ የሚዘራ ገበሬን እናስብ። «ዘንድሮ ይህን ያህል ኩንታል አገባለሁ» ማለት ይችላል። ነገር ግን ዝናቡን አያዝም፣ ገበያውንም አያዝም። በእጁ ያለው መሬቱን ደጋግሞ አርሶ ማለስለስ፣ በጊዜው መዝራት፣ አረሙን ቶሎ ቶሎ መንቀል ነው። ተማሪውም እንዲሁ ነው። የፈተናውን ክብደት እሱ አይወስንም፤ የትኛው ምዕራፍ እንደሚበዛም አያውቅም። ዛሬ ማታ አሥር የፊዚክስ ጥያቄ መሥራት አለመሥራት ግን ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው።

ግቡን አጥብቄ ከፈለግሁት መሥራቴ ይቀራል እንዴ?

ብዙዎቻችን የምናስበው እንዲህ ነው። ፍላጎት ካለ መንገዱ ይገኛል እንላለን። ይህን የፈተሹ ሰዎች አሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሮላንድ ፍራየር የተባለ የሃርቫርድ ኢኮኖሚስት በኒው ዮርክ ከተማ ትምህርት ቤቶች አንድ ሙከራ አካሄደ። ተማሪዎች ጥሩ ውጤት ባመጡ ቁጥር ገንዘብ ይከፈላቸዋል። የ4ኛ ክፍል ልጅ በአንድ ፈተና እስከ 25 ዶላር፣ የ7ኛ ክፍል ልጅ እስከ 50 ዶላር ማግኘት ይችላል። ልጆቹ በጣም ጓጉ። ውጤታቸው ግን ከፍ አላለም። «ብዙ ብር ለማግኘት ምን ታደርጋላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ የመለሱት ነገር ምክንያቱን ይጠቁማል። ጥያቄውን በጥንቃቄ አነባለሁ፣ መልሴን መልሼ አያለሁ የሚል ዓይነት ነበር። መጽሐፍ ስለማንበብ፣ የቤት ሥራ ስለመሥራት፣ ያልገባቸውን መምህር ስለመጠየቅ አልተነሳም። ፍላጎቱ ነበራቸው፤ መንገዱን ግን አላወቁትም።

ሁለተኛው ሙከራ ለጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። ዳሞን ክላርክ፣ ዴቪድ ጊል፣ ቪክቶሪያ ፕራውስና ማርክ ረሽ በአሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ 4,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን አጥንተው፣ ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳተሙ። አንዳንዶቹ ተማሪዎች «በዚህ ኮርስ ይህን ውጤት አመጣለሁ» የሚል ግብ እንዲያስቀምጡ ተደረገ። ሌሎቹ «ይህን ያህል የመለማመጃ ፈተና እሠራለሁ» የሚል ግብ አስቀመጡ። ውጤት ያቀዱት ብዙም አልተለወጡም። ሥራ ያቀዱት ግን ብዙ መለማመጃ ሠሩ፤ ውጤታቸውም ተሻሻለ። ሁለቱም ግብ ነበራቸው። የሁለተኛዎቹ ግብ ግን ዛሬ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነገር ነበር።

የውጤት ግብ ሌላም ጣጣ አለው። መልሱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ጥቅምት ላይ ያለ ተማሪ ወደ 520 እየተጠጋ ይሁን እየራቀ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ቀን ልቡ ይሞላል፣ በማግስቱ ይፈራል። ሰው ደግሞ የፈራውን ነገር ይሸሻል። ስልኩን ያነሳል፣ ቲክቶክ ይከፍታል፣ አንድ ሰዓት ውሃ ይበላዋል።

ልማድ እንዴት ነው የሚፈጠረው?

ልማድ የሚያዘው ከአንድ ቀስቃሽ ነገር ጋር ሲታሰር ነው። ቀስቃሽ የምንለው ሁልጊዜ የሚሆን፣ ሳይታወስ የማያልፍ ነገርን ነው። «ማታ አጠናለሁ» ብሎ መወሰን ቀስቃሽ የለውም፤ ማታ ረጅም ነው። «እራት ተበልቶ ሳህኑ እንደተነሳ ጠረጴዛው ላይ ደብተሬን እዘረጋለሁ» ካልን ግን ሳህኑ መነሳቱ ራሱ ያስታውሰናል። ጥናቱ በእርግጠኝነት ከሚሆን ነገር ጋር ስለታሰረ፣ ፈቃደኝነታችንን በየቀኑ መለመን አያስፈልገንም።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው ነበር። ሰዎቹ ከምሳ ጋር ውሃ እንደ መጠጣት፣ ከእራት በፊት እንደ መሮጥ ያለ አንድ ነገር በየቀኑ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ነገሩ ሳያስቡት የሚሆን ልማድ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ወሰደ። ከሰው ሰው ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው፦ ከ18 እስከ 254 ቀን (ከ12ቱ ሳምንታት የሚያልፈው በስሌት የተገመተ ነው)። ቀላሉ ነገር ቶሎ ይለመዳል፣ ከባዱ ይዘገያል።

66 ቀንን በእኛ አቆጣጠር ብናስበው፣ መስከረም አንድ የጀመረ ተማሪ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ መተው ጊዜው ሳይደርስ መፍረድ ነው። ከዚሁ ጥናት የተገኘ ሌላ የሚያጽናና ነገርም አለ። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ለቅሶ ተቀምጠን፣ ታመን፣ እንግዳ አስተናግደን አንድ ማታ ቢያልፈን ምንም አይደለም። በማግስቱ ሳህኑ ሲነሳ መቀመጥ ነው።

መጠኑንም ከመጀመሪያው ማብዛት አያስፈልግም። ብዙ ተማሪ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት በቀን ስድስት ሰዓት ይይዛል፣ ከዚያ ይደክመዋል፣ ከዚያ ጭራሽ ይተወዋል። ሃያ ደቂቃ ጀምሮ እየጨመሩ መሄድ ይሻላል። ለክፉ ቀን ደግሞ ትንሿን መጠን አስቀድሞ መወሰን ይጠቅማል፤ ለምሳሌ አምስት ጥያቄ። ራስ ምታት ቢኖርም አምስት ጥያቄ ይሠራል።

ታዲያ በየቀኑ መጽሐፍ ገልጦ መቀመጥ ይበቃል?

አይበቃም። ስለ ልማድ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የተሳሳተ አጠናንም ልማድ ይሆናል። በየማታው ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ ደብተር ላይ በቢጫ ቀለም ማስመር ልማድ ነው። ቴሌግራም ላይ የተገኘውን ፒዲኤፍ ሁሉ ማውረድም ልማድ ነው። ሁለቱም ያጠናን ያስመስሉናል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ፣ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። አራት ጊዜ ያነበቡት 40 በመቶውን፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶውን አስታወሱ። ደጋግመው ያነበቡት «አስታውሰዋለሁ» ብለው የተማመኑት ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር። ደጋግሞ ማንበብ የሚሸውደው በዚህ ነው። ጽሑፉ ዓይናችን ስለለመደው አእምሯችን የያዘው ይመስለናል።

ስለዚህ በልማዱ ውስጥ የሚገባው ሥራ በአጭሩ ይህ ነው፦ መጽሐፉን ዘግቶ ከራስ ማውጣት። አንድ ማታ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንየው።

አንዲት ተማሪ አለች እንበል። ሳህኑ ተነስቷል፣ ስልኳ እናቷ ጋ ነው። ዛሬ ባዮሎጂ ነው። ስለ ፎቶሲንተሲስ ሁለት ገጽ ታነባለች። ከዚያ መጽሐፉን ትዘጋና ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሰውን ሁሉ ትጽፋለች። ብርሃን የሚያስፈልገው ክፍል ታይላኮይድ ላይ ይካሄዳል፤ የካልቪን ዑደት ስትሮማ ውስጥ ነው። እዚህ ድረስ ጥሩ። ተክሉ የሚያወጣው ኦክስጅን ከየት ነው የሚመጣው? ትንሽ ታስባለች። «ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ» ብላ ትጽፋለች። መጽሐፉን ስትከፍት ኦክስጅኑ የሚመጣው ውሃው ሲሰነጠቅ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ታርመዋለች፤ «የስህተት ደብተር» ብላ በያዘችው ደብተርም በጥያቄ መልክ ትመዘግበዋለች። ከነገ ወዲያ ከመጀመሯ በፊት ያንን ጥያቄ ራሷን ትጠይቃለች። ከሳምንት በኋላ እንደገና።

ይህ ሁሉ ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም። አሥር ጊዜ ብታነበው ኖሮ ግን ያቺን ስህተት ላታያት ትችል ነበር።

እያራራቁ መከለስም ያለ ምክንያት አይደለም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው፣ አዲስ የተያዘ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። ልንረሳው ስንል መልሰን ካነሳነው ይጸናል። የአንድ ሌሊት ቸከላ ለጠዋቱ የክፍል ፈተና ሊያሳልፍ ይችላል። የዓመታት ትምህርት ለሚጠየቅበት ብሔራዊ ፈተና ግን አይሆንም።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአብነት ተማሪ ማታ ማታ የቃል ትምህርቱን ያወርዳል፤ ለመምህሩ በቃሉ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አያልፍም። በቁርኣን ቤትም ልጁ የያዘውን ለኡስታዙ በቃሉ ያሰማል። ሰዓቱ የታወቀ ነው፣ ሥራው የታወቀ ነው፣ መያዝ አለመያዙም እዚያው ይለያል። ያ ትምህርት በአብዛኛው ቃል በቃል መያዝን ይፈልጋል። ብሔራዊ ፈተናው ደግሞ ማሰላትና ማገናዘብን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ለሒሳብና ለፊዚክስ መሸምደድ ሳይሆን ጥያቄ መሥራት ነው የሚያስፈልገው። ሥርዓቱ ግን ያው ነው።

መብራት ቢጠፋስ? እንግዳ ቢመጣስ?

ይመጣል፣ ይጠፋልም። ስለዚህ ሥርዓቱ ውስጥ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ክፍል መኖር አለበት።

ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን በተማሪዎች ላይ ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ጥናት፣ ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። ግማሾቹ መቼና የት ቁጭ ብለው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። ከእነዚህ ወደ 71 በመቶ የሚሆኑት በጊዜው ጻፉ። ካልወሰኑት የጻፉት ወደ 32 በመቶ ብቻ ናቸው። ፈቃደኝነቱ ሁሉም ጋ ነበር፤ ለውጡን ያመጣው ጊዜና ቦታ መቁረጡ ነው።

በእኛ ቤት ሲሆን እንዲህ ሊጻፍ ይችላል። መብራት ከጠፋ ትናንት የያዝኩትን ለእህቴ በቃሌ አስረዳታለሁ። እንግዳ ከመጣ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት አምስት ጥያቄ እሠራለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከቆምኩ የስህተት ደብተሬን አወጣለሁ። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ግን «አሁን ምን ላድርግ?» የሚለውን ጥያቄ ያስቀራሉ፤ አብዛኛው ማታ የሚባክነው ደግሞ እዚያ ጥያቄ ላይ ነው።

ስለዚህ ግብ አያስፈልግም ማለት ነው?

አያስፈልግም አልልም። ኤድዊን ሎክና ጋሪ ሌተም ለብዙ ዓመታት ባደረጉት ምርምር፣ ግልጽና ጠንከር ያለ ግብ ሥራን እንደሚያበረታ አሳይተዋል። ነገር ግን ሰውየው ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ካላወቀ የውጤት ቁጥር ብቻውን ያስጨንቀዋል እንጂ አይረዳውም። 520 የሚለው ወረቀት ይቆይ። የትኛው ትምህርት ይበልጥ ጊዜ እንደሚፈልግ ለመምረጥ ይጠቅማል። አጠገቡ ግን ሁለተኛ ወረቀት ይለጠፍ፦ የሳምንቱ ቀናት፣ በየቀኑ የሚሠራው ትምህርት፣ ሲሠራ የሚደረግ ምልክት። የሚቆጠረውም የተቀመጥንበት ሰዓት ሳይሆን መጽሐፍ ዘግተን የሠራነው ጥያቄ ይሁን። ሰዓት ስልክ እየነካካንም ይሞላል።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

«ስንት አመጣህ?» የሚለውን ጥያቄ ትንሽ ቀነስ አድርጎ «ዛሬ ምን ተሳሳትክ?» ብሎ መጠየቅ ትልቅ እርዳታ ነው። የተሳሳተውን ያለ ፍርሃት የሚናገር ልጅ ስህተቱን ያርመዋል። የሚቆጡት ልጅ ግን ይደብቀዋል፤ ቀጥሎ ከራሱም ይደብቀዋል።

ሌላው ሰዓቱን ማክበር ነው። ይህ በተለይ ለሴቶች ልጆች ያሳስበኛል። በብዙ ቤት ወንዱ እራት በልቶ ሲቀመጥ ሴቷ ዕቃ ታጥባለች፣ ለነገ ታቦካለች፣ ታናናሾቿን ታስተኛለች። ልማድ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መቀመጥን ይፈልጋል፤ ሰዓቷ በሌላ ሰው እጅ ያለ ልጅ ልማድ እንዴት ትይዛለች? ለአርባ ደቂቃ ማንም እንዳይጠራት ቤቱ ቢስማማ፣ ከማስጠኛ ክፍያ የማይተናነስ ስጦታ ነው። ገንዘብም አያስወጣም።

ፈተናው አንድ ወር ብቻ ቢቀረውስ?

66 ቀን የለንም ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ሥራው አይለወጥም፣ ይጠባል እንጂ። ሁሉንም ምዕራፍ ለማዳረስ መሮጥ አያዋጣም። መጀመሪያ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሰዓት ይዞ መሥራትና በየትምህርቱ ነጥብ የፈሰሰበትን ቦታ መለየት ነው። ከዚያ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ከእነዚያ ቦታዎች ጥያቄ እየሠሩ የስህተት ደብተሩን ማለፍ ነው።

ሰዓት መያዙ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ተማሪው የሚፈተነው ከለመደው ክፍል ወጥቶ፣ በማያውቀው ዩኒቨርሲቲ፣ በማያውቃቸው ፈታኞች ፊት ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ በኮምፒውተር። ስለዚህ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ከቤት ወጥቶ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወይም በትምህርት ቤቱ ክፍል፣ ያለ ስልክና ያለ መጽሐፍ፣ አንድ ሙሉ ፈተና ቢሠራ ጥሩ ነው። ሲጨርስም የተሳሳተባቸውን ጥያቄዎች በዚያው ቀን ይያቸው፤ ሳምንት ከቆዩ ለምን እንደተሳሳተ አያስታውስም።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ማታዎች ላይ አዲስ ምዕራፍ አይከፈትም። የስህተት ደብተሩን ማገላበጥና በጊዜ መተኛት ይበቃል።